የድንቡሼ የወተት ጥርስ

ጥቅምት 4

የደም ቀን። ክንዴን ሰጥቼ ተቀመጥኩ፣ እንደ ወትሮው። ቤተ ሙከራችን "ጤነኛ ደም" ባስፈለገው ቁጥር የሚጠራው እኔን ነው። ደም ሥሬ እንደ ገመድ ነው፣ መርፌ አልፈራም፣ ታምሜም አላውቅም። "ጎተራችን" ይሉኛል። አጠገቤ የሚሠራው ፉጨቱ (ቀኑን ሙሉ ያፏጫል፣ ሌላ ስም አያስፈልገውም) ጥጥ እየያዘልኝ "ጎተራው ዘንድሮም አልጎደለም" አለ።

ልጄ እራቷን እየበላች "ሥራ ቦታ ምን ምን ትሠሪያለሽ?" ብላ ያዘችኝ። አምስት ዓመቷ ነው፣ መልስ ካላገኘች አትለቅም። አጥንት የሚበሉ ሴሎች አሳድጋለሁ አልኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"የኔን አጥንት የሚበላ አለ?"

"አለ። አሮጌውን እየበላ ያፈርስልሻል፣ ሌላው ደግሞ አዲስ ይሠራልሻል። ባያፈርስማ አታድጊም።"

"ጥርስ አለው?"

"መቀስ ነው ያለው።"

"እንደ እማማ?"

እንደ እማማ… እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፣ አሮጌ ልብስ አስተካካይ። መቀስ ያልኩት ያው ፕሮቲን ቆራጩን ኢንዛይም ነው። ከደም የወጡት ትንንሽ ሴሎች ሳህን ላይ እርስ በርስ እየተዋሃዱ ትልቅ ይሆናሉ፣ ሲጎለምሱ መቀሱን ያወጣሉ። አጥንት ድንጋይና ክር ነው። ድንጋዩን በአሲድ ያሟሙታል፣ ክሩን በመቀሱ ይቆርጡታል። መቀሱ ሳይኖራቸው የሚወለዱ ልጆች አሉ። አጥንታቸው ተቆልሎ ተቆልሎ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፣ ግን እንደ ጠመኔ ቀጭ ይላል። የእነሱን ደም ከእኔ ደም ጋር እያስተያየን አሥራ አንድ ዓመት ሆነን። ይህንን ሁሉ ለልጅቷ አልነገርኳትም።

ከትምህርት ቤት ያመጣቻት እማ ናት። በመስኮት አየኋቸው ሲመጡ። እጅጌዋን ይዛ። እማ የልጅ እጅ አትይዝም፣ እጅጌ ነው የምትይዘው። ለምዶብን ማናችንም አናነሳውም።

ጥቅምት 19

አዲስ የማቅለሚያ ዘዴ ዛሬ ተሞከረ። ከበፊቱ የጠራ ነው፣ ሴሎቹ አጥንቱ ላይ የቆፈሩት ጉድጓድ ጥልቀቱ ሳይቀር ይታያል። ደስ ብሎኝ ነበር የተቀመጥኩት… የታመሙት ልጆች ሳህን ላይ ያው እንደምናውቀው፣ ድንጋዩ ተልጧል፣ ክሩ እንዳለ ቆሟል። የእኔ ሳህን ላይ ግን ምንድን ነው ይሄ? ጉድጓድ አለ፣ ግን ጫር ጫር ተደርጎ የተተወ ነው የሚመስለው።

አለቃችንን ጠራሁት። "እንደገና" ነው ቅጽል ስሙ፣ ምን ይዘህለት ብትሄድ "እንደገና ሥሩት" ስለሚል። አጎንብሶ አየና "ሳህን አደባልቀሻል" አለ። አላደባለቅሁም። "እንደገና ሥሪው።"

ጥቅምት 20

እኔ ሳህን አደባልቄ አላውቅም።

ኅዳር 12

እንደገና ተሠራ። በዚህኛው የፉጨቱም ደም ከእኔው ጎን ተቀመጠ። መርፌ ሲያይ ላብ በላብ ሆነ፣ ማፏጨቱን ተወ፣ እኔ ነበርኩ እጁን የያዝኩለት።

የእሱ ሴሎች አጥንቱን እንደ አይጥ ቦርቡረውታል። የእኔዎቹ ያው ናቸው። ኢንዛይሙ ሲለካም የእኔ የእሱን ግማሽ ያህላል።

"ጎተራው ነቅዟል" አለ ፉጨቱ። ሳቅን። አለቃችን እንደገና ግን አልሳቀም። ያለፈው ሥራ ሁሉ የተወዳደረው ከእኔ ጋር ነው። ጤነኛ ያልነው ግማሽ ከነበረ ስንት ነገር ሊታረም ነው? ጭንቅላቱን ይዞ ወጣ። እኔም ሳቄ የቆየው ካፖርቴን እስክለብስ ነው። የጂን ማንበቢያ ክፍሉ ደሜን እንዲያይልኝ ሰጥቻቸው መጣሁ።

ኅዳር 13

የልጄን ፀጉር እያጠብኩ ነበር። እንዲሁ ጣቴ አናቷ ላይ ሄደ። ደረቅ፣ ጥብቅ ያለ አጥንት። እና… አንድ ሌላ አናት ትዝ አለኝ።

ወንድሜ። ድንቡሼ። አናቱ ላይ ለስላሳ ቦታ ነበረችው። ስድስት ዓመት ሞልቶትም ነበረችው። ቀስ አድርጌ ስነካት ስትርገበገብ ጣቴ ስር ይሰማኝ ነበር፣ እሱ ይስቃል። "በሬን አታንኳኪ" ይለኝ ነበር።

ግንባሩ ትልቅ። አገጩ ትንሽ። ጣቶቹ ድንክ ድንክ ያሉ፣ ጫፋቸው እንደተቆረጠ። ከእኩዮቹ በአንድ ራስ ያነሰ። የወተት ጥርሱ አልወልቅ ብሎ በጉጠት የተነቀለ… ይህንን ዝርዝር እኔ በቃሌ አውቀዋለሁ። ለአዲስ ሠራተኞች የማስረዳው እኔ ነኝ! "አናታቸው አይገጥምም፣ ጣታቸው ያጥራል፣ የወተት ጥርሳቸው ይቆያል፣ አጥንታቸው በትንሽ ነገር ይሰበራል።" በየዓመቱ ይህንን ስል አንድም ቀን አላሰብኩትም። እንዴት አላሰብኩትም?

ሳሙናው ዓይኗ ገብቶ ልጄ ጮኸች።

ኅዳር 14

ለምን እንዳላሰብኩት አውቃለሁ። የእኛ ቤት መልሱ ድሮ ተሰጥቶ አልቋል። ድንቡሼን የሰበረችው እናቱ ናት።

መጀመሪያ ክንዱን። መንገድ ዳር ቆመን ሳለ ኳሱን ተከትሎ ወደ መኪናው ሮጠ፣ እማ በእጁ ጎተተችው፣ ቀጭ አለ። እኔም ሰምቼዋለሁ ድምፁን። ሐኪሙ ጄሶ እያሰረ "ልጁን የሚመታው ማነው?" አለ። ሁለተኛው የአንገቱ ሥር አጥንት ነበር፣ ከመታጠቢያው ስታወጣው። ያኔ አባቴ ዝም አለ። የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ፣ ዝም አላለችም። "ያ እጅ ለልጅ አይሆንም" አለች፣ እማ በቆመችበት። ሦስተኛው ጭኑ ነው። ሱሪ ስታለብሰው። ለቀዶ ጥገና ማደንዘዣ ሰጡት፣ ከዚያ አልነቃም።

ከቀብሩ በኋላ አክስቴ እኔን ይዛኝ ሄደች። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እሷ ቤት ነው ያደግኩት፣ ያስተማረችኝም እሷ ናት፣ የእጇን በልቼ ነው እዚህ የደረስኩት። እማ እሁድ እሁድ እየመጣች በር ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። አትነካኝም። እኔም እጇን እፈራው ነበር… ምን ዋጋ አለው መደበቅ፣ እፈራው ነበር።

ኅዳር 26

የጂን ማንበቢያው ክፍል መልስ መጣ። መቀሱን ከሚያሠራው ጂን ሁለት ቅጂዎች፣ አንዱ ከእናት አንዱ ከአባት ከሚመጡት፣ አንዱ የተበላሸ። ሌላው ደህና። ለመኖር አንዱ ይበቃል፣ ጤነኛ ነኝ። ግን ሁለት የተበላሸ የደረሰው ልጅ…

ቤት ገብቼ የልጄን ጣቶች አንድ በአንድ አየኋቸው። ረጃጅም ናቸው። አባቷን ወርሳ መቃ ናት። "ምን ትፈልጊያለሽ?" አለችኝ። ምንም አልኳት።

ታኅሣሥ 3

እማ ጋ ሄድኩ። የሰው ካፖርት እያጠበበች ነበር። ሻይ ጠጣሁ፣ ስለ አየሩ አወራሁ፣ ተመለስኩ። ፈሪ።

ምን ብዬ ልጀምር? የማውቀው ስለ ራሴ ብቻ ነው። የእኔ አንዱ መበላሸቱ ስለ እሱ ምንም አያረጋግጥም። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። ሄጄ "ምናልባት አንቺ አይደለሽም" ብዬ፣ ኋላ ሳይሆን ቢቀር… ሠላሳ ዓመት የተቀመጠችበትን ነገር ነቅንቄ ልተዋት ነው?

ታኅሣሥ 10

ነገርኳት።

መተርተሪያዋን ይዛ የአንድ ቀሚስ ጎን እየፈታች ነበር። ዓይኗን አላነሳችም። ስለ መቀሱ ነገርኳት፣ ስለ ሴሎቹ፣ ስለ ደሜ። ልብስ እያልኩ አስረዳኋት፣ ሌላ ቋንቋ አልመጣልኝም። አሮጌው ስፌት ካልተተረተረ አዲሱ ላዩ ላይ እየተደረበ ይሄዳል፣ ይወፍራል፣ ይደርቃል፣ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል አልኳት።

"የድንቡሼ አጥንት እንደዚያ ነበር እያልሽኝ ነው?"

"ሊሆን ይችላል። አላውቅም እማ። ለማወቅ የእሱ የሆነ ነገር ያስፈልጋል። ከገላው።"

መተርተሪያዋን አስቀመጠች። ከዚያ ተነስታ የልብስ ቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮዋን አወረደች፣ ያቺን ልጅ ሆኜ እንዳልነካት የተከለከልኳትን። ከቁልፎቹ ሥር በጨርቅ የተቋጠረ አለ። ፈታችው። ያቺ አልወልቅ ያለች ጥርስ።

እንዳለች አላውቅም ነበር። የሩዝ ፍሬ ታክላለች።

"ከዚህ ይታወቃል?"

"ይሞከራል። ግን… መፈጨት አለበት እማ። አይመለስም።"

ጨርቁን መልሳ ቋጠረችው። "ባይሆንስ?" አለች። "ብትፈጪው ብትፈጪው፣ እኔው ሆኜ ብገኝስ?" ከዚያ፣ ድምፅዋን እንኳ ሳትቀይር፣ "ጥፋቱን መሸከም ለምጄዋለሁ ልጄ። ጥርሱ ግን አንድ ነው ያለኝ" አለች።

 ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።

ታኅሣሥ 11

አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም።

ታኅሣሥ 16

ልጄን ከትምህርት ቤት አምጥታ በር ላይ አስረክባኝ ሄደች። እጅጌዋን ይዛ። ስለዚያ ነገር አንድም ቃል አልወጣትም። "ልጅቷ ካልሲዋ ረጥቧል" ብቻ።

ታኅሣሥ 24

ከታች ከጥበቃው ተደወለ። "አንዲት እናት ቆርቆሮ ይዘው መጥተዋል፣ ይግቡ?"

እማ እዚህ መጥታ አታውቅም። የክት ጫማዋን አድርጋለች። ነጭ ካፖርት አለበስኳት፣ እጅጌው ቢረዝምባት በዓይኗ ለካችውና "ይሄን ማን ሰፋው?" አለች። ፉጨቱ ወንበር ሳበላት፣ "ማዘር፣ ጎተራዋን የወለዱልን እርስዎ ነዎት?" ሲላት ፈገግ ልትል ነበር።

"አሳይኝ" አለችኝ። ማይክሮስኮፑ ላይ አስቀመጥኳት። መጀመሪያ የፉጨቱን አየች፣ የተቦረቦረውን። ቀጥሎ የአንድ የታመመ ልጅ። ክሩ ሳይቆረጥ እንደቆመ። ረጅም ጊዜ አየችው። ቀና ስትል "ማንም አልተረተረለትም" አለች። 

ቆርቆሮውን ሰጠችኝ። ከነቁልፎቹ። "የማን ልጅ ነው ይሄኛው?" ብላ ሳህኑን አሳየችኝ። አላውቅም፣ ስም አይመጣልንም አልኳት። "እናቱ ትወቀስ ይሆን?"

ደረጃው ድረስ ሸኘኋት። "ስትፈጪው ቀስ ብለሽ" አለችኝ።

ጥር 2

ተፈጨ።

የአሮጌ አጥንትና ጥርስ ሥራ የምትሠራው ሴትዮ ክፍል ነው የተሠራው። ደህና ሴት ናት፣ ቶሎ አትናገርም። ከፈለግሽ ውጪ ቆይ አለችኝ። አልወጣሁም። የድንቡሼን ጥርስ አጠበቻት፣ ላይዋን ጠረገቻት፣ ወደ ትንሿ ወፍጮ ከተተቻት። የተሰማው ድምፅ ትንሽ ነው። ከዚያ ነጭ ዱቄት ሆነች፣ የጥፍር ጫፍ የምትሞላ።

ዱቄቱን ለሁለት ከፈለችው። "አንዱ ቢከሽፍ ሌላ ይኑረን" አለች።

ጨርቁን ኪሴ ውስጥ አገኘሁት ቤት ስገባ። የትንሽ ጥርስ ቅርጽ ጎድጉዶ ቀርቶበታል።

ጥር 9

ምን አደረግኩ? እማ የነበራት ያቺ ጥርስ ብቻ ነበረች። ሠላሳ ዓመት ከቁልፍ ሥር አስቀምጣት፣ እኔ በአንድ ቀን…

ጥር 21

የመጀመሪያው ዱቄት ከሸፈ። የሚነበብ ነገር አልወጣውም። ጥርሷ አርጅታለች፣ የነበረችበትም ቤት ሞቃት ነበር አለች ሴትዮዋ። የቀረው ግማሹ ነው። ለእማ አልነገርኳትም። ስትደውል "ገና ነው" አልኳት። "አይቸኩልም" አለችኝ፣ ልትዘጋ ስትል ደግሞ "አልጠፋም አይደል?" አለች።

አልጠፋም አልኳት።

ጥር 29

አለቃችን እንደገና ዛሬ ወንበሬ አጠገብ መጥቶ ቆመ። ሥራ ሊያስታርም መስሎኝ ተነሳሁ። "እህቴ" አለኝ፣ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም፣ "ለቀረው ዱቄት የኛን ማንበቢያ ማሽን ተጠቀሙ፣ ይሻላል። ወረፋውን እኔ አስለቅቃለሁ።" ያንን ማሽን ለነፍሱም አይሰጥ። ሄዶ ወረፋውን አስለቀቀ።

የካቲት 6

ሁለቱም።

ሁለቱም ቅጂዎች የተበላሹ ናቸው። የድንቡሼ። የእኔው ብልሽት አንዱ ላይ አለ፣ ሌላኛው ላይ ሌላ። አንዱ ከእማ አንዱ ከአባቴ። ሴትዮዋ ወረቀቱን ሰጥታኝ በሩን ከውጭ ዘጋችልኝ።

መቀስ አልነበረውም። ነፋስ ቢያቅፈውም ይሰበር ነበር። ያ ጠባብ አገጭ፣ ያ ጠባብ ጉሮሮ፣ ማደንዘዣው… ዛሬ ቢሆን ሐኪሞቹ ቀድመው ይጠነቀቁ ነበር። ማንም አልገደለውም። ማንም። አለቀስኩ። የማለቅሰው ደስ ብሎኝ ነው ብዬ ነበር መጀመሪያ።

የካቲት 8

እማን አስቀምጬ ነገርኳት። አንቺ አይደለሽም አልኳት። ማንም ቢይዘው፣ ማንም ሱሪ ቢያለብሰው፣ ያው ነበር። አክስቴም ብታሳድገው ያው ነበር።

እንዳሰብኩት አልሆነም። ታለቅሳለች፣ እልል ትላለች፣ እፎይ ትላለች ብዬ ነበር። እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አየቻቸው። የሰው እጅ እንደምታይ።

"ያው ነበር?" አለች።

"ያው ነበር እማ።"

"ባቅፈውም ባላቅፈውም?"

አልገባኝም ወዴት እንደምትሄድ። አዎ አልኳት። ቀስ ተብሎ ከታቀፈማ ምንም አይሆንም ነበር አልኳት። አፌን በቆረጠው።

"በማግስቱ ቀዶ ጥገና ሊገባ፣ ማታ ላይ" አለች፣ "እቀፊኝ አለኝ። ሐኪሙ እንዲህ ብሎኛል፣ አክስትሽ እንዲህ ብላኛለች፣ አባትሽ እንዲህ ያየኛል… ፈራሁ። እጄን ወደ ኋላ አደረግኩት። 'ነገ' አልኩት። 'እግርህ ሲድን።' ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።"

ይህንን ለማንም ተናግራው አታውቅም።

"እስከዛሬ ደግ አደረግኩ ስል ነው የኖርኩት" አለች። "የማይረባ እጄን ከሱ ሰበሰብኩለት፣ ይቺን አንዲቷን እንኳ ደግ አደረግኩ ስል። ለካ ላቅፈው እችል ነበር።"

 ጥፋቷን ላነሳላት ሄጄ መጽናኛዋን ወሰድኩባት። ላቅፋት እጄን ዘረጋሁ። አልከለከለችኝም፣ ግን እጆቿ ጉልበቷ ላይ ቀሩ። ደረቴ ላይ እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰችው። እማ ስታለቅስ ያየሁት ዛሬ ነው።

የካቲት 9

ሥራ አልሄድኩም።

የካቲት 17

አክስቴ ጋ። ሰማንያ ሊሞላት ነው፣ አሁንም ቤቷ ውስጥ አቧራ አይገኝም። እንደገባሁ "ከስተሻል" ብላ ዳቦና ወተት አቀረበች። እንዴት አድርጌ ልቆጣት? ያሳደገችኝ ናት።

ነገርኳት። ሁሉንም። ዳቦውን እየቆረሰች ሰማችኝ። ከዚያ "የናንተ ሳይንስ ዛሬ አንድ ይላል፣ ነገ ሌላ" አለች። ወረቀቱን አሳየኋት። መነጽሯን ፈለገች፣ አደረገች፣ አነበበች፣ አልገባትም።

"ከኛም ወገን ነው?"

"አንዱ ከአባቴ ነው እትዬ። ሁለቱ ባይገናኙ አይታመምም ነበር።"

መነጽሯን አወለቀች። "የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም" አለች፣ ለራሷ የምትናገር ትመስላለች። "እኔ እኮ ልጁን ወድጄው ነው። አንቺንም… እንዳትሰበሪብኝ ብዬ ነው የወሰድኩሽ።"

"አውቃለሁ።"

"እናትሽ ምን አለች?"

ስለ መጨረሻው ማታ ልነግራት አፌ ላይ መጣ። "አክስትሽ እንዲህ ብላኛለች" ያለችውን። ዋጥኩት። ለእማ የተሰጠ ነገር ነው። "አለቀሰች" አልኳት ብቻ።

"ሄጄ እኔው ራሴ ላናግራት" አለች። ተነስታ ሻርፗን አደረገች፣ ቦርሳዋን ያዘች፣ በሩ ጋ ደረሰች። በሩን ይዛ ቆመች። ኋላ "እግሬ አይሄድልኝም" ብላ ተመልሳ ተቀመጠች። እግሯ ይሄዳል፣ ገበያ ድረስ ደርሳ የምትመለስ ሴት ናት። አላስገደድኳትም። ሻርፗን ሳታወልቅ ተቀምጣ እያለች ወጣሁ።

የካቲት 25

ቤተ ሙከራው ከእንግዲህ የእኔን ደም በጤነኛ ቦታ አያስቀምጥም። ለብቻው አዲስ መደርደሪያ ተሠራልኝ፣ "ግማሽ" ተብሎ። ፉጨቱ ስሜን ቀይሮታል። "ጎተራ" ቀርቶ "ግማሽ ጎተራ" ሆኛለሁ። አሁን ደም የሚሰጠው እሱ ነው፣ በየጊዜው ላብ በላብ እየሆነ።

የታመሙት ልጆች ሳህን ሲመጣ እጄ ይዘገያል። እማ የጠየቀችኝ ትዝ ይለኛል። እናቱ ትወቀስ ይሆን? ዛሬ ለእንደገና "ደሙን ለሚልኩልን ሐኪሞች አንድ ቃል እንጻፍ፣ ለእናቶቹ ይንገሩልን፣ በእጃቸው እንዳልሆነ" አልኩት። "እንደገና" ይለኛል ብዬ ስጠብቅ "ዛሬውኑ ጻፊው" አለ። እኔ ጻፍኩት። መጨረሻው ላይ አንድ ነገር ጨመርኩ፣ "ይቀፏቸው" የሚል። ቀስ አድርገው፣ ግን ይቀፏቸው።

የካቲት 28

ለእማ የቁልፍ ቆርቆሮዋን መለስኩላት። ጨርቁን ከሥር አስቀመጥኩት፣ ባዶውን። ከፍታ አየችና ዘጋችው። አክስቴ ደውላላት ነበር። "ምን አለችሽ?" ብላት "ስለ አየሩ አወራን" አለችኝ። "ረጅም አወራን።"

መጋቢት 5

ዛሬ በመስኮት አላየኋቸውም፣ ስልክ ላይ ነበርኩ። በሩ ተንኳኳ፣ ልጄ ገባች፣ እማ ደረጃው ሥር እንዳለች "ሥራ አለኝ" ብላ ተመለሰች።

ልጄ ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆመች። ቀኝ እጇን በግራዋ እያሸች ነው።

"ምን ሆነሻል?"

"እማማ እጄን ያዘችኝ።"

ተንበርክኬ እጇን አየሁት። ቀልቷል፣ አራት ጣት ያረፈበት ይታያል።

"መንገድ ስትሻገሩ?"

"አይደለም። ከትምህርት ቤት ጀምሮ። እስከ እዚህ። አጥብቃ።" ትንሽ አሰበችና ጨመረች፣ "እጄን አሞኛል።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሻትም?"

ትከሻዋን ሰበቀች። "ትለቀኛለቻ" አለች።